ባንካችንን ያስቀመጠው ሰሞን

ወላሂ ይሄ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው። መማሌ የሚያውቀኝ ሰው ሊያነበው ይችላል ብዬ ነው። የሚያውቀኝ ሰው «ዘይቱና ካወራችው ላይ ግማሹን ቀንስ፣ ከቀረው ላይ ደግሞ ቫት አንሳ» ይላል። ተክለ ሃይማኖት ጋ የሞባይል ከቨር ስለምሸጥ ወሬ ማብዛት የሥራዬ ጠባይ ነው፣ አልክድም። ትምህርቴንም ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ ወይም እሱ ተወኝ፣ በዚህ ላይ እስካሁን አልተስማማንም። ይሄን ግን የልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ሰው በሙሉ በረንዳ ላይ ቆሞ አይቶታል።

ባቡሩ ሥራ በጀመረበት ዓመት ነው። አሥር ዓመቴ ነበር።

«ባንካችን» እንለዋለን እንጂ ባንክ አልነበረም። የነዋሪዎች የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው፤ ሙሉ ስሙ ከቢሮው በር ስለሚሰፋ ማንም አይጠራውም። ቢሮው ኮሚናሉ ውስጥ ነበር። ኮሚናል ማለት፣ ኮንዶሚኒየም ኖሮ ለማያውቅ ሰው፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሠርግም ለቅሶም የሚስተናገድበት የጋራ ቤት ነው። ከዚያ ላይ አንዷን ክፍል ለባንካችን ሰጡት። ከግድግዳው ወዲያ በግ ይገፈፋል፣ ከግድግዳው ወዲህ ብር ይቆጠራል።

በክፍሏ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ካዝና ነበር። ካዝናውን ሁመድ የሚባል በያጅ ከላሜራ ነው የሠራው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ አራት እግር ያለው፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል ነገር ነው። አናቱ ላይ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ቀጭን ቀዳዳ አለው፤ ቢሮው ሰው በሌለበት ሰዓት የመጣ ሰው ብሩን በፖስታ አድርጎ ስሙን ጽፎ በዚያ ይከታል። ለእኔ ባንክ ማለት እሱ ሳጥን ነበር። እግር አለው፣ አፍ አለው፣ ሆድ አለው። ሌላ ምን ይጠበቅበታል?

እናቴ ሰሚራ የባንካችን ገንዘብ ያዥ ነበረች። ደመወዟ ትንሽ፣ ኩራቷ ትልቅ። ማኅበሩ ሲቋቋም ሃምሳ ሦስት ቤት አንኳኩታ፣ ደረጃ ስትወጣ ደረጃ ስትወርድ፣ «አስቀምጡ፣ እኔ አለሁ» እያለች ያስመዘገበችው እሷ ናት። ሰው ያስቀመጠው ሳጥኑን አምኖ አይደለም፣ እሷን አምኖ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቤታችን መጡ። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ማንኛውንም ወረቀት እንደ አዋጅ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። እኔ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት የሆነውን ወንድሜን ሙኒርን እያጠብኩ ነበር። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ምስጢር አይችልም።

«ሰሚራ፣ ሰኞ መርማሪ ይመጣል» አሉ።

«የምን መርማሪ?»

«ይኸውልሽ፣ ‘የማኅበሩን የፋይናንስ ጤንነትና ደኅንነት ለመመርመር’ ይላል።»

እማ ወንበር ስትስብ ሰማሁ።

«መቼም እኔና አንቺ አንደባበቅም» አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ። «ፈሳሹ አንሷል።»

«በጣም?»

«በጣም። ውስጡ የተበላሸም አለ። ሰባት ወር የቆየ።»

«እሱማ የገረሱ ነው። አይመልስም፣ ምን ላድርገው?»

«ከሚያስቀምጠው ደግሞ የሚያወጣው በዝቷል። በዚህ ከቀጠለ ያሽጉታል።»

«ጋሼ፣ ከታሸገ እኔ በየትኛው ፊቴ ነው በዚህ ደረጃ የምወጣው የምወርደው?» አለች እማ። ድምጿ ቀጠነብኝ። «ስንቱን ሰው ‘እኔ አለሁ’ ብዬዋለሁ።»

መታሸግን አውቃለሁ። የታችኛው ብሎክ ሱቅ ታሽጎ ቀይ ማኅተም ከተመታበት በኋላ ያን ጥሩ ጥሩ ማስቲካ ዳግመኛ አላየነውም። ሌላውን ደግሞ ከእማም ከጋሽ ገብረጊዮርጊስም በላይ አወቅሁት። ሙኒር ባለፈው ወር በተቅማጥ ሲያዝ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ቃል በቃል ያለችው ይሄንኑ ነበር፦ ፈሳሽ አንሶታል፣ የተበላሸ ነገር በልቷል። ከዚያ ለምለም የሚባለውን ዱቄት በውሃ በጥብጠን አጠጣነው፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጥሎ የነበረው ልጅ በማግሥቱ ሪሞት እየደበቀ አስቸገረን። እና ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠው የሚተክዙት መድኃኒቱ በየፋርማሲው እየተሸጠ ነው?

አሁን ነገሩ ይገባኛል። ፈሳሽ የሚሉት ሰው «ብሬን ስጡኝ» ሲል ወዲያው ተቆጥሮ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። የተበላሸ ብድር የሚሉት ቀኑ አልፎ ያልተከፈለ ነው። ያኔ ግን ቢሮው ሄጄ ካዝናውን አሸተትኩት፤ በእርግጥም ይሸታል። ከግድግዳው ወዲያ የሐሙስ በግ ተገፎ ቆዳው እንደተሰጣ አላስተዋልኩም።

ዓርብ ቀን ሥራዬን ከገረሱ ጀመርኩ። ጋሽ ገረሱ ብሎካችን ሥር ፑል ቤት ያለው ወፍራም ሰው ነው፤ ከባንካችን ሠላሳ ሺህ ብር ተበድሮ ሁለተኛ የፑል ጠረጴዛ ገዛበት። የግቢውን ልጆች ሰበሰብኩና «የጋሽ ገረሱ ብድር ተበላሽቷል፣ ሰባት ወሩ ነው፣ ስለዚህ ይሸታል» አልኳቸው። ሰባት ወር የቆየ ነገር ሁሉ ስለሚሸት ማንም አልተከራከረኝም። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ባለፈ ቁጥር አሥራ አንድ ልጅ አፍንጫውን ይይዛል።

መጀመሪያ ጫማውን ገልብጦ አየ። ከዚያ ብብቱን አሸተተ። ምሳ ሰዓት ላይ ሸሚዝ ቀይሮ ወጣ፤ ያዝንበት። አሥር ሰዓት ላይ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ብቅ አለ፤ አሁንም ያዝንበት። በመጨረሻ እኔን ጥግ ላይ አስቆመኝ።

«ዘይቱ፣ አንቺ አትዋሺኝም» አለኝ። ይህን በማለቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። «ምን ምን ነው የምሸተው?»

«እርስዎ አይደሉም ጋሼ። ብድርዎ ነው። ውስጡ ተበላሽቷል። ባንካችንን አሞታል።»

 ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወደ ፑል ቤቱ ገባና ሬዲዮኑን ዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ልደታ ማርያም አጠገብ ወዳለው ፋርማሲ ሄድኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰ መነጽራም ወጣት ነበር ያለው።

«ለምለም ስጠኝ። ብዙ።»

«ለማን ነው? ዕድሜው ስንት ነው?»

«አራት ዓመት።» ባንካችን ከተቋቋመ ያኔ አራት ዓመቱ ነው።

«ያስቀምጠዋል?»

«ድሮ ጥሩ ነበር፤ ይሄን ሰሞን ማስቀመጥ ቀንሷል። ማውጣት ነው የበዛው።»

«ማውጣት ስትይ፣ ያስመልሰዋል?»

«መመለስማ የለም። ችግሩ እኮ እሱ ነው። ገረሱ ይኸው ሰባት ወሩ፣ አልመለሰም።»

«ስሙ ገረሱ ነው?»

«አዎ።»

ወጣቱ መነጽሩን አወለቀ። «ሰባት ወር? ሐኪም አይቶታል?»

«ሰኞ መርማሪ ይመጣለታል።»

«ቤት ድረስ ነው የሚመጣው? መሄድ አይችልም?»

«አይችልም። እሱን ከቦታው ለማንሳት አራት ጎረምሳ ያስፈልጋል።»

እንዴት እንዳየኝ አልረሳውም። አሥራ አምስት ብር ነበረኝ፤ በአምስት ፓኬት ዋጋ ስምንት ሰጠኝና «አንዱን በአንድ ሊትር፣ ቀስ እያላችሁ። ሽንት ከሸና ዳነ ማለት ነው፤ አይዞሽ እህቴ» አለኝ። ያ ልጅ አሁን የራሱን ፋርማሲ ከፍቷል። ባለፈው ከቨር ሊገዛኝ መጥቶ ሳይከራከር ከፍሎኝ ሄደ፣ አላወቀኝም። እኔም ስለ ገረሱ ጤና አልነገርኩትም።

ከኋላዬ ተራ ይዛ የነበረችው ጎረቤታችን እትዬ ጀነት ነበረች። ጀብሎ አንግታ ማስቲካና ሶፍት እየነገደች በየሳምንቱ ሁለት መቶ ብር ባንካችን ውስጥ የምታስቀምጥ ሴት ናት። በር ላይ ደረሰችብኝ።

«ዘይቱ፣ ማን ነው የታመመብን?»

«ባንካችን ነው እትዬ። ፈሳሽ አንሶታል። የተበላሸም አለ ውስጡ። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ናቸው ያሉት። ካልዳነ ይታሸጋል።»

እኔ ሁሉንም የተሳሳተ ነገር ነገርኳት፤ እሷ አንዷን ሳትስት በትክክል ተረዳችው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትሄድ በእግሯ ነው ወይስ በክንፏ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው ሰባቱንም ብሎክ አዳረሰ፤ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ደብተሩን ይዞ ብሩን ሊያወጣ ተነጋገረ። እማና ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ይሄን ሲሰሙ እየሮጡ ማኅበሩ ብሩን የሚያስቀምጥበት ትልቁ ባንክ ሄዱ። እዚያ የነበረውን መጠባበቂያ በሙሉ፣ መቶ አርባ ሺህ ብር፣ አውጥተው ካዝናው ውስጥ ከተቱት። ሰው ሲጠይቅ የሚሰጠው ካገኘ ይረጋጋል ብለው ነው። ከሁለት ዘበኛ ጋር በሩ ላይ ሁለት ቀን ተራ ገቡ።

እኔ ግን እማ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ሲቀላ ያየሁት ለበሽተኛ የምታድር መስሎኝ ነው።

ሰኞ በማለዳ ቁልፉን ሰጠችኝ። «ሂጂ፣ መርማሪው ሳይመጣ ቢሮውን ጠርጊ። ካዝናውን በጨርቅ ወልውዪው።» የካዝናው ቁልፍ ያለው እሷ አንገት ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ቁልፍ አላስፈለገኝም፣ አፉን አውቀዋለሁ። አባቴ ከሶላት በፊት ውዱእ የሚያደርግበትን ማንቆርቆሪያ ከሻርፔ ሥር ደብቄ ወጣሁ። ልደታ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ያን ቀን መጥቶ ነበር። ይህን ከአላህ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ዱቄቱን በጠበጥኩ። «ቢስሚላህ» ብዬ ወንበር ላይ ቆሜ የማንቆርቆሪያውን አፍንጫ ቀዳዳው ውስጥ ከተትኩ። ቀስ እያልኩ ነው፤ ሙኒርም በማንኪያ ነው የጠጣው። ካዝናው ጎርጎር፣ ጎርጎር አለ። «አይዞህ፣ ዋጥ አድርገው» እለዋለሁ። አራት ጊዜ ወደ ቧንቧው ተመላለስኩ፤ ዘበኞቹ ለወለሉ የምቀዳ መስሏቸው አሳለፉኝ። ስምንቱን ሊትር ጨረስኩ። የመጨረሻውን ስጨርስ የሁመድ ብየዳ ከሥር በኩል አንድ ቦታ ሳይገጥም ቀርቶ ኖሮ፣ ከሁለት እግሮቹ መሃል ቀጭን ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ሸና። ዳነ። ከወንበሩ ላይ ዘልዬ ወረድኩና ሽንቱን በመጥረጊያ ጠረግሁለት።

ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚናሉ ደጃፍ አርባ ሰው ተሰልፏል። መርማሪዋ ወይዘሮ ድንቅነሽ ትባላለች፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ጥቁር ቦርሳ የያዘች። ጋዋን ባለመልበሷ ትንሽ ቅር አለኝ። ሰልፉን ከላይ እስከ ታች አይታ «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው?» ስትል እማ «ሊያወጣ ነው» አለች። የሚደበቅ ነገር አልነበረም።

«እጃችሁ ላይ ምን ያህል አለ?»

«መቶ አርባ ሺህ» አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ደረታቸውን ነፍተው። «በጥሬው። ሰሚራ፣ ክፈቺላት።»

እማ ከፈተች። ብሩን የቀደመው ውሃው ነው። የመርማሪዋ ጫማ ላይ ፈሰሰ፣ ደፉን ተሻግሮ ሰልፉ ድረስ ሄደ። ውስጥ የብሩ እስር እንደ ተነከረ ዳቦ አብጦ ተቀምጧል። እማ እሱን ስታይ በሳቅ ፈረሰች፤ ቆሞ መሳቅ አቅቷት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ወይዘሮ ድንቅነሽ።

«ጥሬ ገንዘብ» አሉ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ፣ ድምፃቸው ጠፍቶ።

«ተቀቅሏል እንጂ ምኑ ነው ጥሬ» አለች ከሰልፉ ፊት የቆመችው እትዬ ጀነት።

ሁሉም ሰው ወደ ጣሪያው፣ ወደ ቧንቧው ያያል። ያን ሁሉ ዘመን ምንም ያላበላሸ ቧንቧ ዛሬ በሐሰት ሊከሰስብኝ ሆነ። አላስቻለኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ፈሳሽ አንሶታል ስላላችሁ ነው። ለምለም ነው ያጠጣሁት። ሸንቷል፣ ድኗል።»

 ወይዘሮ ድንቅነሽ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ስንት ሊትር?»

«ስምንት።»

እስክሪብቶ አውጥታ ጻፈችው። ለሪፖርት ይሁን ለቀልድ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ ወደ እማ ዞራ «እርጥብ ብር አልቆጥርም። ካልቆጠርኩ አልፈርምም። ካልፈረምኩ ደግሞ ዛሬውኑ ለማሸግ እገደዳለሁ። እስከ አሥር ሰዓት ይደርቃል?» አለቻት።

እማ ቀና ብላ በበሩ በኩል ወደ ግቢው አየች። ከብሎክ ብሎክ የተወጠረው የልብስ ማስጫ ገመድ በሙሉ ባዶ ነበር፤ ሰው ሰልፍ ላይ ስለሆነ ያን ቀን ማንም አላጠበም።

«ይደርቃል» አለች።

እንዲህ ሆኖ ብሩ ተሰጣ። መጀመሪያ እማና እኔ ብቻ ነበርን፤ መቶ ብሩን ከመቶ ብር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየላጥን። ከዚያ አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጥታ መቆንጠጫ አመጣች። ቀጥሎ የላይኛው ብሎክ ሰዎች። መቆንጠጫ ሲያልቅ የፀጉር ማስያዣ፣ ያ ሲያልቅ መርፌ ቁልፍ። ገመዱ ሲሞላ የአልጋ ልብስ መሬት ላይ ተነጠፈ። አርባው ሰው ብሩን ሊያወጣ መጥቶ፣ በእርግጥም በገዛ እጁ አወጣው፤ ገመድ ላይ። አምስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ያሉ አዛውንት «ኧረ ይሄ ሁሉ የኛ ነው?» እያሉ ጣታቸውን ይቀስራሉ። ሰው አራት ዓመት ያስቀመጠውን ብር በደብተር ላይ ቁጥር ሆኖ እንጂ እንዲህ ነፋስ ሲያወዛውዘው አይቶት አያውቅም። ባንኩ ባዶ ነው ሲል ሁለት ቀን የሰነበተ ግቢ፣ አሁን አንገቱን ቀና አድርጎ በብር ሥር ይመላለሳል።

እትዬ ጀነት ደብተሯን እንደያዘች እማ ፊት ቆመች። «የኔ የትኛው ነው?»

«የወደድሽውን አውርጂ» አለቻት እማ። «ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ነው ያለሽ። ቆጥረሽ ፈርሚ።»

ጀነት ገመዱን ከዳር እስከ ዳር አየችው። አንዱን መቶ ብር በሁለት ጣቷ ዳሰሰች።

«ይድረቅ እስቲ» አለችና ደብተሯን ጡቷ ውስጥ ከታ የአልጋ ልብስ ልታመጣ ሄደች።

ከእሷ በኋላ ሰልፉ አልነበረም። ሰልፉ መቼ እንደፈረሰ ያየ ሰው የለም፤ ዝም ብሎ ሥራ ሆነ።

ስምንት ሰዓት አካባቢ ጋሽ ገረሱ መጣ። የመጀመሪያው ልጅ አፍንጫውን ሲይዝ የቀሩት ተከተሉት። ግቢው ሙሉ በሙሉ ዞሮ አየው። በአሥራ አንድ የተያዘ አፍንጫ መሃል አልፎ ወይዘሮ ድንቅነሽ የተቀመጠችበት ወንበር ጋ ደረሰና፣ ከኪሱ በላስቲክ የታሰረ ብር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የአምስት ወር ነው። የሁለቱን ወር እስከ ወሩ መጨረሻ። አንዱን ጠረጴዛ ሸጬዋለሁ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «የኔ ደረቅ ነው። አሁን እነዚህን ልጆች አፍንጫቸውን ልቀቁ በሏቸው።»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ምንም አልገባትም፤ ደረሰኝ ግን አስቆረጠችለት። ጋሽ ገረሱ አሁን ሸምግሎ ሲያገኘኝ፣ ያን ጊዜ ከመርማሪዋም ከፍርድ ቤቱም በላይ ያስፈራው አፍንጫችን እንደነበር ይነግረኛል። ሰው ሁሉ ምን እንደሚያወራበት አውቆ ነበር፤ ልጅ ሲያወራው ግን አልቻለም።

መርማሪዋ ከገመድ ገመድ እየተዘዋወረች፣ ነፋስ ሲመጣ እያቆመች፣ ነፋስ ሲሄድ እየቀጠለች ቆጠረች። መቶ አርባ ሺህ። አንድም አልጎደለም፤ ሁለቱ ብቻ ቀለማቸው ለቋል። ወረቀቷ ላይ ብዙ ጻፈች፦ ብድር ስትሰጡ ቆጠብ በሉ፣ ዋስ አጣሩ፣ ይህን ያህል ብር ቢሮ አታሳድሩ፣ ካዝናው አናት ላይ ያለው ቀዳዳ ይበየድ። ማኅተሟን ከቦርሳዋ ስታወጣ እማ ወደ በሩ አየች። ማኅተሙ ያረፈው ግን በር ላይ አይደለም፣ ወረቀት ላይ ነው። ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ተቀብለው ለግቢው እንደ አዋጅ አነበቡት፦ «ማኅበሩ ጤናማ ነው። ክትትል ያስፈልገዋል።»

እኔም ከዚያ የበለጠ ምስክር አልፈልግም። ጤናማ ነው ተብሏል፤ ለምለሙን ያጠጣሁት እኔ ነኝ።

ለምለም ስኳር አለው። ብሩ ደርቆ ሥራ ላይ ሲውል ልደታ ውስጥ ጉንዳን የሚከተለው መቶ ብር ለሁለት ሳምንት ዞረ፤ ባለሱቁ ሁሉ ጣቱ ላይ ሲጣበቅበት «ይሄ የሰሚራ ብር ነው» እያለ ይቀበላል። ባንካችን ዛሬም አለ፣ አባሉ አራት መቶ አልፏል፣ እማም አሁንም ገንዘብ ያዥ ናት።

እንግዲህ ወላሂ ብዬ ስለጀመርኩ አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። ይሄን ሳወራ ሰው ጉንዳኑን ይጠረጥራል። ጉንዳኑ እውነት ነው። አሥራ አንዱ አፍንጫም እውነት ነው፣ ካዝናውም ሸንቷል። የፈጠርኩት የእማን ሳቅ ነው። ካዝናው ሲከፈት እማ አልሳቀችም። ወለሉ ላይ መቀመጧ ልክ ነው፤ ግን ለመሳቅ አይደለም። እርጥቡን እስር ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ማንንም ሳታይ፣ እኔንም ሳታይ፣ አፏ ተከፍቶ ድምፅ ሳይወጣው ቆየች። ያን ፊት ለሰው ማውራት ስላልቻልኩ ሳቅ አስገባሁበት።

አሥር ዓመት ሙሉ እንደዚያው እያደረግሁ አወራሁት፤ እሷም ከጎኔ ተቀምጣ ሰማችው። ባለፈው ዒድ ከወሎ የመጡ ዘመዶቻችንን ስታጫውት ከጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ጣልኩ። «እኔማ ሳየው በሳቅ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ» አለቻቸው፣ ጉንጯ እያበራ። እንግዶቹ አብረዋት ሳቁ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ቀጣዩን ሳህን አነሳሁ።